ከ10 ኩንታል ድንጋይ ስንት ኩንታል ኖራ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬዳዋ አካባቢ ኖራ ከሚያቃጥል አጎቴ ጋር እየሠራሁ ማታ 11ኛ ክፍል እማራለሁ። 10 ኩንታል በሃ ድንጋይ ምድጃ አስገብተን 6 ኩንታል ከ10 ኪሎ ኖራ አወጣን። አጎቴ «ሠራተኛው ሰርቆኛል» ብሎ ተቆጣ። እኔ ደግሞ እኩልታው ላይ አንድ ካልሲየም ካርቦኔት (ድንጋዩ) አንድ ኖራና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሰጥ፣ ግማሹ ኖራ ግማሹ ጋዝ፣ 5 ኩንታል ነው መውጣት ያለበት አልኩት። ማናችን ተሳሳትን?

መልስ፦ ሁለታችሁም።

ካንተ ልጀምር። እኩልታ ይቆጥራል እንጂ አይመዝንም። ስንት ዓመት ሳስተምር ተማሪ የሚወድቅብኝ እዚችው ላይ ነበር። አንድ ደርዘን እንቁላልና አንድ ደርዘን ሎሚ ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ሚዛን ላይ ስታወጣቸው ግን ይለያያሉ። ሞልም እንደ ደርዘን ነው፤ በ12 ፈንታ 6.022 × 10²³ ይቆጥራል።

በሞል ሲመዘኑ ካልሲየም 40 ግራም፣ ካርቦን 12፣ ሦስቱ ኦክስጅን 48፦ አንድ ሞል ድንጋይህ 100 ግራም (ፈተና አውጪዎች የምንወደው ለዚሁ ነው)። ከሱ 56 ግራም ኖራና 44 ግራም ጋዝ ይወጣል። 10 ኩንታል 1,000,000 ግራም ነው፤ ለ100 ሲካፈል 10,000 ሞል። አንድ ለአንድ ነውና ኖራውም 10,000 ሞል፤ በ56 ስታባዛው 560 ኪሎ። ሁሉም ከበሰለ 440ው ኪሎ በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ሌባው እሱ ነው።

አሁን አጎትህ። ያገኘው እኮ ከ560 በ50 ኪሎ ይበልጣል! ሰርቆ የሚጨምር ሌባ አላየሁም። ከ1,000 ኪሎው በጋዝ የጎደለው 390 ኪሎ ብቻ ነው፤ ለ44 አካፍለህ በ100 ብታባዛው የተቃጠለው ድንጋይ ወደ 886 ኪሎ ይመጣል። ቀሪው 114 ኪሎ ወይ ልቡ ጥሬ ነው፣ ወይ ከመነሻው አሸዋና ሸክላ አፈር ነበር። ድንጋዩ ረጥቦ ተመዝኖ ከነበረ ደግሞ ጥሬው ከዚህም ይብሳል።

ዓይንህን በመነጽር ሸፍነህ ትልቁን ጓል ፍለጠውና መሃሉ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርግ። የበሰለው እየተንጣጣ ይግላል፣ ይፈረካከሳል፤ ጥሬው ዝም ይላል። ዝም ባለው ላይ ሎሚ ጨምቅበት። አረፋ ካወጣ በሃ ነው፤ ጥፋቱ የእሳቱ ነው፤ 900 ዲግሪ አካባቢ መድረስና እዚያው መቆየት አለበት። ድንጋዩንም አሳንሳችሁ ስበሩት። አረፋ ከሌለው ድንጋይ አቅራቢያችሁን አነጋግሩ።

የሚቀጥለውን ዙር መዝነህ ጻፍልኝ። ወደ 560 ከወረደ አጎትህ ደስ ይበለው።