ቤቴ ያረድኩትን ዶሮ ፖቶማክን አሻግሬ መሸጥ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ገጠር 5 ኤከር መሬት ገዝቼ በዓመት 600 ያህል ዶሮ አሳድጋለሁ። አቅራቢያዬ ያለው ቄራ «ብዛቱ ትንሽ ነው፤ እንቁላል ጥላ ያረጀችም አንቀበልም» ብሎ መለሰኝ። ስለዚህ ለፋሲካ ቤቴ አርጄ ለማውቃቸው ሰዎች ሸጥኩ፤ ሜሪላንድ ላሉትም ደጃቸው ድረስ አደረስኩ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ምግብ ቤት በሳምንት 40 ዶሮ አምጣልኝ ይላል። የጽዋ ማኅበር ጓደኛዬ ደግሞ የእሱንም ዶሮዎች በክፍያ እንዳርድለት ይፈልጋል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ቤትዎ ማረድዎ በፌዴራል ሕግ በኩል ብቻውን ጥፋት አይደለም። የ1957ቱ የዶሮ ምርት ቁጥጥር ሕግ ለሽያጭ የሚታረድ ዶሮ በመንግሥት ተቆጣጣሪ እንዲታይ ቢያዝም፣ በራስዎ እርሻ ያሳደጉትን በዓመት እስከ 1,000 ዶሮ ያለ ተቆጣጣሪ አርደው እንዲሸጡ ይፈቅዳል። አንድ ቱርክ እንደ 4 ዶሮ ይቆጠራል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ የገናው፣ የፋሲካውና የእንቁጣጣሹ እርድ በአንድ ሂሳብ ይገባል። ለበዓል ሲያጥርዎ ከጎረቤት እርሻ ገዝተው ከጨመሩበት ግን ፈቃዱን ያጣሉ። የቀረልዎት ተቆጣጣሪው እንጂ ንጽሕናው አይደለም፤ ስንት እንዳረዱ፣ መቼና ለማን እንደሸጡም መዝግበው ይያዙ። ስቴቱ ከዚህ የጠበቀ ነገር ሊጠይቅ ስለሚችል ከሚቀጥለው እርድ በፊት ለቨርጂኒያ ግብርና መሥሪያ ቤት ጽፈው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ዋናው ችግርዎ ቨርጂኒያን ከሜሪላንድ የሚለየው የፖቶማክ ወንዝ ነው። ይህ ፈቃድ የሚሠራው እዚያው ስቴት ውስጥ ብቻ ነው። የኛ ሰው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አድሮ ዲሲ ይሠራል፣ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያስቀድሳል፤ ድልድዩን ድንበር ብሎ አያስበውም። ለሕጉ ግን ያልተመረመረ የዶሮ ሥጋ ፖቶማክን ሲሻገር ከስቴት ስቴት የሚደረግ ንግድ ሆነ ማለት ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም 1,000 ዶላር፣ ወይም ሁለቱም ነው፤ ማታለል ወይም የተበላሸ ሥጋ ካለበት እስከ 3 ዓመትና 10,000 ዶላር ይደርሳል። ለጥቂት የፋሲካ ዶሮ ይታሰራሉ ብዬ አላስፈራራዎትም። ማድረሱን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ስላለፈውም ለማንም ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ።

ምግብ ቤቱን በተመለከተ፣ 40 ዶሮ በ52 ሳምንት 2,080 ይሆናል፤ ከ1,000ው አልፏል። በዓመት እስከ 20,000 የሚፈቅድ ሌላ አንቀጽ አለ፤ በስቴቱ ውስጥ ለምግብ ቤት መሸጥንም ይፈቅዳል። እሽጉ ላይ ስምዎ፣ አድራሻዎና «ኤግዘምፕት ፒ.ኤል. 90-492» የሚለው ጽሑፍ መኖር አለበት። «ከምርመራ ነፃ» ማለት ነው፤ ቁጥሩ የ1968ቱ ማሻሻያ ሕግ ነው። ሆኖም ይህም ወንዝ አያሻግርም። ደንበኛዎ አሌክሳንድሪያ ቢሆን ኖሮ እንኳ የጤና ተቆጣጣሪው ሥጋው ከተፈቀደ ምንጭ መምጣቱን ምግብ ቤቱን ይጠይቀዋል።

ጓደኛዎን አይሆንም ይበሉት። የሰው ዶሮ በክፍያ አርዶ ለቤቱ ፍጆታ መመለስ የሚፈቀደው ራሱ የዶሮ ሥጋ ለማይነግድ ሰው ነው፤ እርስዎ ደግሞ ይነግዳሉ። በ20,000ው አንቀጽ ሲገቡ ደግሞ ማረጃ ቦታዎ ላይ ያለ መንግሥት ልዩ ፈቃድ ሌላ ሰው ሊያርድበት አይችልም።

ሲልቨር ስፕሪንግን ካልተዉት ያለው መንገድ ፌዴራል ተቆጣጣሪ ያለበት ቄራ ነው። በመደበኛ ሰዓት ምርመራውን መንግሥት ይሸፍነዋል፤ እርስዎ የሚከፍሉት የቄራውን የእጅ ዋጋ ነው። አሮጌዋን ዶሮ የሚመልሱት በሕግ ተገደው አይደለም፤ ብዙዎቹ ማሽኖች የሚስተካከሉት አንድ ልክ ለሆነ የሥጋ ዶሮ ስለሆነ ነው። በእጅ የሚሠራ ትንሽ ቄራ ይፈልጉ፤ ራቅ ቢልም ይሁን። 12 ብልት አውጡልኝ ብለው አይድከሙ፣ ሙሉውን ይቀበሉ፤ ብልቱን የምግብ ቤቱ ባለሙያ ታውቅበታለች። ከሌላ አርቢ ጋር ተዳብለው የቄራውን ዝቅተኛ ቁጥር ማሟላትም ይቻላል፤ የማን ዶሮ የትኛው እንደሆነ በወረቀት ይለይ እንጂ። የፋሲካውን ቀጠሮ ደግሞ ሁዳዴ ሳይገባ ይያዙ።