ሁለቱ ወረቀቶች አይስማሙም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደቡብ ምዕራብ ሂውስተን ነው። ከ38 ቀን በፊት በመጣው ሄሪኬን ቤታችን እስከ ጉልበት ድረስ ውሃ ገባው። የጎርፍ ኢንሹራንስ አለን። የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች፣ አጃስተሩ፣ አይቶ ጉዳቱ 41,000 ዶላር ነው አለ፤ ፈርሙ ብሎ ቅጽ ላከልን። ከዚያ ከከተማው ደብዳቤ መጣ። ቤቱ ከግማሽ በላይ ስለተጎዳ ከመሬት ከፍ ሳታደርጉት ማደስ አትችሉም ይላል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ካውንቲው ቤታችሁን ይገዛችኋል፣ ምንም አትንኩ» ይሉናል። ባለቤቴ ፈርመን እንገላገል ባይ ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እናንተ ተረፋችሁ። ቅጹን እንዳለ አትፈርሙት። ግን አታቆዩት። ለማስገባት የቀራችሁ 22 ቀን ነው።

የላኩልኝን የኢንሹራንስ ውል (ፖሊሲ) ቅጂ አየሁት። ላዩ ላይ የኩባንያ ስም ቢኖርም መድኑ የፌዴራል መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣ ሕግ የተቋቋመውና የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ፌማ፣ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ነው። ለመኖሪያ ቤቱ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ ለብቻው ከተገዛ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ደንቡ ጥብቅ ነው። ጉዳታችሁን በመሐላ የምትገልጹበት ቅጽ፣ ፕሩፍ ኦፍ ሎስ የሚባለው፣ ጉዳቱ በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ከትልቅ አደጋ በኋላ ፌማ አንዳንዴ ቀኑን ያራዝማል። በጽሑፍ ካላያችሁት ግን እንደተራዘመ አትቁጠሩት። አጃስተሩ በስልክ «ችግር የለም፣ ቆይታችሁ ላኩት» ቢላችሁ ቃሉ ፍርድ ቤት አያድናችሁም። ቅጹን የላከላችሁም ለትብብር ነው፤ ግዴታው የእናንተ ነው።

አሁን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከተማው የቤቱን ዋጋ መሬቱን ሳይጨምር 160,000 ዶላር፣ ማደሻውን 88,000 ዶላር ብሎ አስልቷል። 55 በመቶ መሆኑ ነው። አጃስተሩ ለዚያው ቤት 41,000 ብሏል። ስሌታቸው አንድ ዓይነት ባይሆንም ከከተማው ግምት ግማሽ በታች መውረዱ አንድ ነገር እንደተዘለለ ይጠቁማል። ከተማው ቢሮ ሂዱና የተሰላበትን ዝርዝር ጠይቁ። ከሁነኛ ኮንትራክተር ክፍል በክፍል የተጻፈ ግምት አሠሩ። ከዚያ ቅጹ ላይ የራሳችሁን ቁጥር፣ በማስረጃ የምትደግፉትን ብቻ፣ ሞልታችሁ ላኩ። በመሐላ ስለሆነ አንድ ዶላር አትጨምሩበት። የ41,000ውን ፈርማችሁ ከላካችሁም ተጨማሪ መጠየቅ ይቻላል፤ ለተጨማሪው ግን ሌላ የተፈረመ ቅጽ ያስፈልጋል፣ እሱም በዚያው ቀነ ገደብ ውስጥ።

«ምንም አትንኩ» የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ሻጋታ ካውንቲውን አይጠብቅም። የረጠበውን ሺትሮክ (የግድግዳ ቦርድ) እና ካርፔት አውጡ፤ ማድረቅ ማደስ አይደለም። ከማውጣታችሁ በፊት ግን ውሃው ግድግዳው ላይ የተወው መስመር አጠገብ ሜትር ይዛችሁ ፎቶ አንሱ። ከካርፔቱም ከሺትሮኩም ቁራጭ አስቀሩ። ለማደስ ግን ፐርሚት ጠብቁ።

የከተማው ደብዳቤ ያስደነግጣል፣ ይገባኛል። ሂውስተን ከሄሪኬን ሃርቪ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ፣ ጎርፍ በሚያሰጋቸው ቦታዎች ላይ ያላትን የግንባታ ደንብ አጥብቃለች። ብዙ ሰው ደብዳቤውን ለማስቀየር ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ አስሉ እላለሁ። ጉዳቱ ከግማሽ በላይ ነው የሚለው ያው ደብዳቤ እዚያው ፖሊሲ ውስጥ ሌላ በር ይከፍታል፦ ቤቱን ከፍ ለማድረግ፣ ለማዛወር ወይም ለማፍረስ እስከ 30,000 ዶላር። ተከራክራችሁ ከ50 በመቶ በታች ካወረዳችሁት ይሄን ገንዘብ ታጣላችሁ። ቤት ማንሳት ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ስለሚያስወጣ ሒሳቡን ከመኖሪያ ዕቅዳችሁ ጋር አብራችሁ እዩት።

ጎረቤቶቻችሁ ያሉት የካውንቲው ግዢ እውነት ነው። ግን እናንተ በቀጥታ ፌማ ጋር አታመለክቱም። ካውንቲው በእናንተ ስም ያመለክታል፤ አብዛኛውን ጊዜ 75 በመቶውን የፌዴራል መንግሥት ይሸፍናል። ዓመታት ሊወስድ ይችላል። በፌማ ገንዘብ የሚደረገው ግዢ በፈቃደኝነት ነው፤ እምቢ ካላችሁ አስገድደው እንደማይወስዱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ሃሪስ ካውንቲ በሌላ ገንዘብ አስገዳጅ ግዢ ያካሄደባቸው ሰፈሮች ስላሉ ደብዳቤ ሲመጣ የትኛው እንደሆነ አጣሩ።

ከጎርፉ በፊት በነበረው ዋጋ እንዲገዟችሁ በጎርፉ ቀን የቤቱ ባለቤት መሆናችሁን፣ ዜግነት ወይም እንደ ግሪን ካርድ ወይም የጸደቀ ጥገኝነት ያለ ሕጋዊ መብት እንዳላችሁ ማሳየት አለባችሁ። ያለበለዚያ የሚሰጣችሁ የአሁኑ፣ የተጎዳው ቤት ዋጋ ነው። ሞርጌጁም ከዚያው ይከፈላል።

ብዙዎችን የሚጎዳው ደሞ ደረሰኝ ነው። ለማደሻ የተከፈላችሁ ኢንሹራንስ ከመግዣው ዋጋ ላይ ይቀነሳል፤ ለቤቱ ማደሻ ማዋላችሁን በደረሰኝ ካሳያችሁት በስተቀር። ቤቱ 240,000 ቢባልና 70,000 ተቀብላችሁ የ30,000 ደረሰኝ ብቻ ቢኖራችሁ፣ 40,000 ተቀንሶ 200,000 ይደርሳችኋል። አንድ ደንበኛዬ ደረሰኞቹን ሁሉ መኪናው ውስጥ በፌስታል አስቀምጦ ነበር። የሂውስተን ፀሐይ ቀለሙን አጥፍቶት ነጭ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። እባካችሁ፣ ሱቁ በር ላይ ሳላችሁ ፎቶ አንሱት።

የኢንሹራንስ ኩባንያው የጠየቃችሁትን ገንዘብ በጽሑፍ ከከለከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለፌማ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ክስ ለመመሥረት ግን ከመጀመሪያው የክልከላ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው ያላችሁ፣ እሱም በፌዴራል ፍርድ ቤት። ይግባኙ ዓመቱን አያስቆመውም። ደብዳቤው የመጣ ቀን ፖስታውንም አትጣሉ፤ ቀኑ እሱ ላይ ስላለ።