ደሴ የሚሠራ፣ ባቲ ሲደርስ እምቢ የሚል ኤሲ

ልጆቼ፣ የመኪና ኤሲ ሥራ ደሴ ላይ ለጀመራችሁት ነው የምጽፈው። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኤሲ የሚያስከፍት ሙቀት እምብዛም የለባትም። ሾፌሩ ኮምፕሬሰሩ (የኤሲውን ጋዝ የሚገፋው ፓምፕ) አልይዝ ማለቱን የሚያውቀው ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ባቲና ሚሌ ሲወርድ ነው። ተመልሶ እናንተ ጋ ሲመጣ ደግሞ የኮምፕሬሰሩ ክላች፣ ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር በማግኔት የሚያያይዘው፣ «ጠቅ» ብሎ ይይዛል። ያን ጊዜ «ደህና ነው» ብላችሁ አትሸኙት፤ ጋዝ ሞልታችሁ ገንዘቡን መቀበልማ ነውር ነው።

ቆላ የሚወጣን ብልሽት ደጋ ላይ ለማግኘት መኪናውን ማሞቅ ግድ ነው። ደጅ አውጡት፣ ኮፈኑን ዝጉ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ሞተሩ ይሥራ። ትዕግሥት ይጠይቃል። ክላቹ ሲለቅ ኮፈኑን ከፍታችሁ ወደ ኮይሉ (ማግኔቱን ወደሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል) በሚገባው ሶኬት ላይ ቴስተር አድርጉ፤ ስትለኩ እጃችሁንና ልብሳችሁን ከቺንጋው አርቁ።

12 ቮልት ገደማ እየደረሰው ካልያዘ ጥፋቱ ክላቹ ጋ ነው። ኮይል ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ የማግኔቱ ጉልበት ይቀንሳል። በብዙ መኪኖች በክላቹ ሳህንና ቺንጋው በሚያዞረው ፑሊ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ሲበላ እየሰፋ ይሄዳል። የሰፋውን በብርድ ይስበዋል፣ በሙቀት ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ ከሳህኑ ሥር ካሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አንዷን ማውጣት ይበቃዋል። ለዚህች ሮንዴላ ሲባል ሙሉ ኮምፕሬሰር እንዲገዛ የተደረገ ሾፌር ሳይ አንጀቴ ይበላል።

ቮልት ከሌለ ፊውዝና ሪሌውን እዩ። ሲሞቅ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ግን መጀመሪያ የኮንደንሰሩን (ጋዙን የሚያቀዘቅዘውን ራዲያተር መሳይ) ፋን ተመልከቱ፤ ኮንደንሰሩ በአቧራ ከተደፈነ ወይም ፋኑ ካልዞረ ግፊቱ ይወጣና የግፊት ስዊቹ ይቆርጠዋል። እሱ ሥራውን ነው የሠራው፤ አትቀይሩት።

ጋዙ ሲያንስም ስዊቹ ይቆርጣል። ያኔ በሽቦ አገናኝታችሁ ኮምፕሬሰሩን በግድ አታዙሩት፤ ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ ደርቆ ይነክሳል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ወጥቷል። መጋጠሚያዎቹን በባትሪ መብራት እዩ፤ አቧራው ዘይት ጠጥቶ የጠቆረበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ማፍሰሻው እሱ ነው። ኦሪንጉን (የመጋጠሚያውን የጎማ ቀለበት) ቀይሩ፣ ቫኪዩም አድርጉ (ውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ አውጡ)፣ ከዚያ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ባለው የግራም መጠን ልክ በሚዛን ሙሉ።