ቮልቴጅ ሲለካ መለኪያው የሚወስደው ከረንት

ጥያቄ፦ በአንድ የሊቲየም ባትሪ የሚሠራ የአፈር እርጥበት መለኪያ ሠርቻለሁ። የባትሪውን መጠን ማይክሮኮንትሮለሩ (መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) እንዲያነብ እያንዳንዳቸው 4.7 ሜጋኦም በሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ቮልቴጁን ለሁለት ከፈልኩት። ባትሪው 4.00 ቮልት ቢሆንም በሬዚስተሮቹ መካከል ዲጂታል መልቲሜትሬ 2.00 ሳይሆን 1.62 ያሳያል። መልቲሜትሬ ተበላሽቶ ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ መልቲሜትርዎ አልተበላሸም። 1.62 ቮልት መለኪያው በተገናኘበት ጊዜ በነጥቡ ላይ በእርግጥ የነበረው ቮልቴጅ ነው፤ መለኪያውን ሲያነሡት ግን ወደ 2.00 ይመለሳል። አብዛኞቹ ዲጂታል መልቲሜትሮች ቮልቴጅ ሲለኩ ወደ 10 ሜጋኦም የሚጠጋ የውስጥ ሬዚስታንስ ስላላቸው፣ ጫፎቻቸውን ከታችኛው ሬዚስተር ጋር ሲያገናኙ ይህ ሬዚስታንስ ጎን ለጎን ገብቶ 4.7 የነበረውን ወደ 3.2 ሜጋኦም ያወርደዋል። ሬዚስተሮቹ በኪሎኦም የሚቆጠሩ ቢሆኑ ኖሮ ልዩነቱን አያስተውሉትም ነበር፤ በእርስዎ ሰርኪዩት ግን የሚያልፈው ከረንት ከግማሽ ማይክሮአምፔር ስለሚያንስ፣ መለኪያው የሚወስደው 0.16 ማይክሮአምፔር ከባድ ጭነት ነው። የውስጥ ሬዚስታንሱ በመደቡ ለእያንዳንዱ ቮልት 20 ኪሎኦም የሆነ ባለ መርፌ መለኪያ በ10 ቮልት መደብ ላይ (በጠቅላላው 200 ኪሎኦም) ቢጠቀሙ ደግሞ የሚያነቡት 0.16 ቮልት ገደማ ብቻ ይሆን ነበር።

በመጀመሪያ የመለኪያዎን የውስጥ ሬዚስታንስ ያረጋግጡ። የ10 ሜጋኦም ሬዚስተር በአንዱ ጫፍ ላይ በተከታታይ አስገብተው ባትሪውን በዚያ በኩል ሲለኩ 2.00 ቮልት ካነበቡ፣ የመለኪያው ሬዚስታንስም 10 ሜጋኦም ነው። ከዚያ በኋላ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች ከነጥቡ ሲታዩ 2.35 ሜጋኦም ስለሚሆኑ ያነበቡትን በ1.235 ያባዙታል።

ስሌት ሳያስፈልግ መለካት ከፈለጉ ግን፣ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖገንዶርፍ በ1841 ያቀረበውን የማመጣጠን ዘዴ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ቮልቴጁ የሚስተካከል የዲሲ ምንጭ ወስደው ኔጌቲቩን ከሰርኪዩትዎ ኔጌቲቭ ጋር ያገናኙ፤ መልቲሜትሩን በምንጩ ፖዘቲቭና በሚለካው ነጥብ መካከል አስገብተው ንባቡ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ምንጩን ያስተካክሉ። ዜሮ ሲሆን በመለኪያው ውስጥ የሚያልፍ ከረንት ስለማይኖር ሰርኪዩቱ አይረበሽም፤ የምንጩን ቮልቴጅ ለብቻው ሲለኩ የነጥቡን እውነተኛ ቮልቴጅ ያገኛሉ።

ለማይክሮኮንትሮለሩ ንባብ ከነጥቡ ወደ ኔጌቲቩ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) ይጨምሩ። ማይክሮኮንትሮለሩ በእያንዳንዱ ንባብ የሚወስደው ቻርጅ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ካፓሲተሩ ያለ ችግር ይሰጠዋል፤ እርሱም መልሶ እንዲሞላ በንባቦቹ መካከል ቢያንስ 2 ሴኮንድ ይጠብቁ። መልቲሜትሩ ግን ያለማቋረጥ ከረንት ስለሚወስድ ካፓሲተሩ የእርሱን ስሕተት አያርምም።