ለጀማሪ የሚሆን ወጣት ፈረስ እንዴት ይገመታል? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

መላሹ፦ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ለጀማሪ ጋላቢ የሚሆን ወጣት ፈረስ ስንት ያወጣል?» ዛሬ እዚሁ ጠይቁኝ፣ ሁሉም ይስማ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። በብር ቁጥር አልጠራም፤ የኮፈሌም የሁላም ገበያ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ሁለተኛ፣ ጥርሱን ላላያችሁት ፈረስ ዋጋ አትጥሩ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ ቻሉኝ።

ጥያቄ (ከታቦር)፦ ጋሼ፣ በብር ካልነገሩን ታዲያ በምን እንገምት?

መልስ፦ በመቶ ገምት። በዚያ ሳምንት ገበያ ላይ ጤነኛ፣ አራት ዓመት ግድም የሆነው፣ ግን ያልተገራ ፈረስ የሚሸጥበትን ዋጋ 100 በል። ከዚያ ደምር፣ ቀንስ። ኮርቻ ለምዶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ 140 ይድረስ። በእርምጃ፣ በሶምሶማና በደንገላሳ ግራም ቀኝም እኩል የሚዞር፣ ልጓም ሳይጎተት የሚቆም ከሆነ 200 ቢሉህ አትደንግጥ። የምትከፍለው ለገሪው ወራትና ለበላው ገብስ ነው።

አሁን ቅነሳው። ጀርባው ላይ የገጣባ ጠባሳ ካለ 20 አውርድ። ገጣባው ድኖም ቢሆን ቦታው ላይ ነጭ ፀጉር ይበቅላል፤ ሰውየው «ሲወለድ ጀምሮ ነው» ይልሃል፣ ሳቅና እለፍ። የአፉ ዳርና ምላሱ በልጓም የተቆረጠ ከሆነ 30። ሊይዙት ሲሉ የሚሸሽ ከሆነ ለጀማሪ ግማሹን እቆርጣለሁ። ካነከሰ ሂሳቡን ዝጋና ሻይህን ጠጥተህ ተመለስ። ይህ የእኔ ሚዛን ነው። ግን በዚህ ሚዛን ገዝቶ ያለቀሰ አላየሁም።

ጥያቄ (ከቱላ)፦ ሻጩ «አራት ዓመቱ ነው» አለኝ። በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ እሰይ! ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የታችኛውን ከንፈሩን ዝቅ አድርጊ። ከፊት ስድስት ጥርስ ታያለሽ። የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ነጭ፣ ድዱ ጋ ቀጠን ያለ ነው። ቋሚው ትልቅ፣ ሰፊ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። መሃለኞቹ ሁለቱ በ2 ዓመት ተኩል ግድም ይቀየራሉ። ቀጣዮቹ በ3 ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ተኩል። በ5 ዓመቱ አፉ ሞላ ይባላል። ስለዚህ መሃለኞቹ ሁለቱ ብቻ ትልልቅ ከሆኑ፣ አራት ዓመት የተባለልሽ ፈረስ ገና ሦስት አልሞላውም ወይም ገና መሙላቱ ነው።

ይህ የዕድሜ ክርክር ብቻ እንዳይመስልሽ። የፈረስ አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው ከታች ወደ ላይ ነው። የጀርባው አጥንት 5 ዓመት ተኩል አልፎም ገና ላይጨርስ ይችላል። በሁለት ዓመቱ ሰው የተጫነበት ፈረስ ዛሬ ለስላሳ ይመስልሻል፣ ነገ ጀርባው ያምፅብሻል። «አራት ዓመቱ ነው፣ በደንብ የተገራ ነው» ተብሎ ጥርሱ ሁለት ተኩል ካለሽ፣ መግራቱም ጥፋት ሆኗል ማለት ነው። 140 ቀርቶ 100ም አትስጪ።

ሽማግሌውንም ወጣት ብለው ይሸጣሉ። ከላይ የዳሩን ጥርስ እዪ። ከድዱ ወደ ታች የምትወርድ ቡናማ ቦይ ካለች 10 ዓመት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ዳማ ይሻላል ወይስ አምባላይ?

መልስ፦ ቀለም አይጋለብም። ቀጣይ።

አባል (ከአቶቴ)፦ ጋሼ እንዲህ አይበሉ፣ ቦራ ፈረስ ገዱ ጥሩ ነው ይባላል።

አባል (ከመነሃሪያ)፦ ልጆች፣ ዱሮ ፈረስ የሰው ክብር ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር እንጂ በቀለሙ አይከራከርም።

አባል (ከአቶቴ)፦ አባባ፣ አባ ዳኘው ፈረሱ ዳማ ነበር እንዴ?

መልስ፦ አባባ፣ እርስዎን ማቋረጥ ነውር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጆቹ ግን ሊጠፉብን ነው። አንተ የአቶቴው፣ ፈረስ ልትገዛ ነው ወይስ ታሪክ ልትፈተን? ወደ ዋጋው እንመለስ።

ጥያቄ (ከአላሙራ)፦ የጋሪ ፈረስ ለጀማሪ አይሆንም? ባጃጅ፣ ሲኖትራክ፣ የሰርግ ጥሩንባ ሁሉን ለምዶታል። ምንም አያስደነግጠውም።

አባል (ከሞኖፖል)፦ አስፋልት የቀጠቀጠው እግር ይዘህ የት ልትሄድ? ደግሞ ለመጎተት ተምሮ ልጓም ላይ ይተኛብሃል።

አባል (ከአላሙራ)፦ አንተ ፈረስ ኖሮህ ያውቃል?

አባል (ከሞኖፖል)፦ ከአንተ ጋር አልነጋገርም።

መልስ፦ በሉ ተረጋጉ። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። የጋሪ ፈረስ ጠባዩ ወርቅ ነው፣ እግሩ ግን ይመረመር። ጠንካራ መሬት ላይ ገመዱን ላላ አድርጎ ሰው በሶምሶማ ያስሩጠው። ራሱን ተመልከቱ። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ይጥላል። ደህናው ሲነካ ዝቅ ያደርጋል። ሻጩ ራሱ ገመዱን አንገቱ ሥር አጥብቆ ከያዘ ያን ምልክት እየደበቀ ነውና «ላላ አድርገው» በሉት። ደግሞም ስትደርሱ ፈረሱ ላብ የደረቀበት ከሆነ ቀድመው አድክመውታል ማለት ነው። በማግስቱ ሳትናገሩ ሂዱ፣ ከበረት ሲወጣ፣ ሲጫን እዩት። እና ጥርሱን!

ጥያቄ (ከሃይቅ ዳር)፦ እኔ ድሬሳዥ መማር ጀምሬያለሁ። ወጣት ፈረስ ከጀርመን ባስመጣስ? ዋጋው በምን ይወሰናል?

መልስ፦ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ፣ የምወደው ነገር ነው። ለማያውቁት፣ ድሬሳዥ 20 በ60 ሜትር ሜዳ ላይ ፈረሱ በጋላቢው ስውር ምልክት የሚሠራው ሥራ ነው። ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ኤፍኢአይ፣ ለ5፣ ለ6 እና ለ7 ዓመት ፈረሶች የተለየ ፈተና አለው። የ5 ዓመቱን ብናይ ሶምሶማው፣ እርምጃው፣ ደንገላሳው፣ ታዛዥነቱና የወደፊት ተስፋው ለየብቻ ይመዘናሉ።

አሁን የዋጋው ምሥጢር። ገበያው ላይ ዓይን የሚስበው ሶምሶማው ነው። እግሩን ከፍ አድርጎ የሚንሳፈፍ ፈረስ ሲያዩ ጨረታው ላይ እጅ ይነሳል። ነገር ግን ሶምሶማ በሥራ ይሻሻላል። እርምጃ ብዙም አይሻሻልም፣ እንዲያውም በመጥፎ ጋላቢ ይበላሻል። ያ የሚንሳፈፈው ሶምሶማ ደግሞ ጀማሪን ከኮርቻው ያነሳዋል፤ ጀማሪው ልጓም ላይ ይንጠለጠላል፣ ፈረሱ ይሸበራል። ለጀማሪ የሚከፈለው ለእርምጃና ለጠባይ ነው። መካከለኛ ሶምሶማ፣ ሰፊና የላላ እርምጃ፣ ሰው ሲሳሳት ይቅር የሚል ልብ። እንዲህ ያለው ፈረስ እዚያም ርካሽ አይደለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ጀማሪ የሚፈልገው እሱን ነው። ከዚያ የሐኪም ምርመራና የእግርና የጀርባ ራጅ ይመጣል። ራጁ ላይ ችግር ከታየ ዋጋው ይወርዳል፣ ወይም ሽያጩ ይቀራል።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመልሰው። እዚህ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ አለ። የምታመላልሰው ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብ ናት፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትበረታለች፣ ከዝናብ በኋላ ትበዛለች። ሐይቅ ዳር ነህ! ክትባት ያላገኘ፣ በሽታውን የማያውቅ የአውሮፓ ፈረስ ከተያዘ የመሞት ዕድሉ ከ70 እስከ 95 በመቶ ነው። «ካልተስማማኝ መልሼ እሸጠዋለሁ» ብለህም እንዳታስብ፤ አውሮፓ ይህ በሽታ ካለበት አገር ፈረስ እንደልብ አያስገባም። ለክትባቱ ሐኪም አማክር። የእኔ ምክር ግን ከአርሲ ወይም ከባሌ ደገኛ አራት አምስት ዓመቱን የሞላ ገዝተህ፣ የቀረውን ብር ለጥሩ አስተማሪ ክፈል። በሀገራችን ፈረስ «ትከሻ ወደ ውስጥ» የሚባለውን፣ ፈረሱ ትከሻውን ወደ ሜዳው መሃል አድርጎ የሚሄድበትን ልምምድም ሆነ ክብ መሥራት ይቻላል፣ አድርጌዋለሁ። ሜዳው 20 በ40ም ይበቃል።

ጥያቄ (ከዳቶ)፦ ጋሼ፣ እኔ 78 ኪሎ ነኝ። የሀገር ውስጥ ፈረስ ይችለኛል?

መልስ፦ ለካው። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለካ፣ በራሱ አባዛው። ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለውን ርዝመት አባዛበት። ለ11,880 አካፍል። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 135 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 256 ኪሎ ግድም ይመጣል። ሰውና ኮርቻ ተደምረው ከክብደቱ 20 በመቶ ባያልፉ ጥሩ ነው። ያ ማለት 51 ኪሎ። አንተን አይችልም። ለአንተ ኮርቻውም ተጨምሮ 430 ኪሎ ግድም ፈረስ ያስፈልጋል፤ ያንን እዚህ ገበያ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። ትልቅ ፈረስ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ልጅህ ይማርበት፣ አንተ ከመሬት ሆነህ መግራት ተማር።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ መኖውስ በወር ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ሌላ ቀን።

ጥያቄ (ከሻሸመኔ)፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ጥሩ ፈረስ ስንት ብር ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ። «ጥሩ ፈረስ» ምን ማለት ነው? ለማን? ለምን? ስንት ዓመቱ? ጥርሱን አይተሃል?

ጥያቄ (ከሻሸመኔ)፦ አላየሁም፣ ፎቶ ነው የላኩልኝ። ቀብድ ላክ እያሉኝ ነው።

መልስ፦ በፎቶ ቀብድ? አያ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! አንድ ሳንቲም እንዳትልክ።

ጥያቄ (ከቱላ)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ልጨምር። ደረቱና እግሩ ላይ በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች አይቻለሁ። ሻጩ «ዝንብ ነክሶት ነው» አለ። ቀንሼ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ። በመስመር ከተደረደሩና አንዳንዶቹ መግል ካወጡ ንድፍት ሊሆን ይችላል። ፈንገስ ነው፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል፣ የእኛን የመሰለ ሞቃትና እርጥበት ያለው አየር ይወዳል። የጋሪ ፈረሶችን እንዴት እንደሚጨርስ መንገድ ላይ አይተሻል። ቤትሽ ሌላ ፈረስ ካለ ይህን ያበጠውን ነክተሽ ወደ ቤትሽው እንዳትሄጂ፣ እጅሽንና ገመድሽን እጠቢ። ሐኪም ይይልሽና ነጻ ነው ካለ ያኔ ስለ ዋጋ እናወራለን። የሐኪሙን ገንዘብ አንቺ ክፈይ እንጂ ሻጩ አይክፈል፤ የከፈለው ሰው ነው ውጤቱን ቀድሞ የሚሰማው።