ከ«ምነው» ወደ «ዊሽ»፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ስለ «ዊሽ» (መመኘት)፣ «ሆፕ» (ተስፋ ማድረግ) እና «ዎንት» (መፈለግ) ግራ የገባችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ «መኪና እንዲኖረኝ እመኛለሁ» ለማለት «አይ ዊሽ አይ ሃቭ ኤ ካር» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ «ሃቭ»ን ሰርዞ «ሃድ» አደረገው። የማወራው ስለ አሁን ነው፣ ያለፈ ጊዜ ምን አመጣው?

መልስ፦ አስተማሪህ ልክ ነው። ደግሞ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ምነው ስልኳን ባወቅኩ!» ስትል «አወቅኩ» ያለፈ ጊዜ ነው አይደል? የምታወራው ግን ስለ ዛሬ ነው፤ ዛሬ ስልኳን አታውቅም፣ ቆጭቶሃል። እንግሊዝኛውም እንደዚያው «አይ ዊሽ አይ ኒው» ይላል፤ ግሱ ወደ ኋላ የሚሄደው ጊዜው ስላለፈ ሳይሆን ነገሩ እውነት ስላልሆነ ነው። የሚያሳስተን «እመኛለሁ» ከሚለው ቃል ተነስተን መተርጎማችን ነው። ከ«ምነው» ተነስ፣ ግማሹ መንገድ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ያለፈውንስ? ሳላጠና ወድቄ ብቆጭ?

መልስ፦ አማርኛው «ኖሮ» ይጨምራል፤ «ምነው ባጠናሁ ኖሮ!» እንግሊዝኛው «ሃድ» ብሎ ሦስተኛውን የግስ ቅርጽ ያስከትላል፤ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ስተዲድ»።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ነች፣ ነገ ፈተና አለባት። «አይ ዊሽ ዩ ዊል ፓስ» ብዬ ብልክላት «እማዬ፣ እንደዚህ አይባልም» አለችኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። ነገ ሊሆን ለሚችል ነገር «ሆፕ» ነው የሚባለው፤ «አይ ሆፕ ዩ ፓስ» ይበሏት። በ«ዊሽ» መመረቅ ካማረዎት ግሱን ይተዉና ስም ያስከትሉ፤ «አይ ዊሽ ዩ ሰክሰስ»፣ «አይ ዊሽ ዩ ጉድ ላክ»። ይቅናት!

ጥያቄ፦ «አይ ዎንት ዛት ዩ ካም» ለምን ስህተት ይሆናል?

መልስ፦ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ውስጥ ያለችው «እንድ» ናት «ዛት»ን የምትጎትተው። «ዎንት» «ዛት»ን አያስከትልም። መጀመሪያ ሰውየው፣ ከዚያ «ቱ»፣ ከዚያ ግሱ፤ «አይ ዎንት ዩ ቱ ካም»። «ውድ ላይክ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፣ ለአለቃና ለማታውቀው ሰው ደግሞ እሱ ይሻላል። «ሆፕ» ግን ተቃራኒው ነው። «አይ ሆፕ ዩ ቱ ካም» በጭራሽ አይባልም፤ «አይ ሆፕ ዩ ካም» ነው። መጪው አንተው ራስህ ከሆንክ «አይ ሆፕ ቱ ካም» ትላለህ።

ጥያቄ፦ «አይ ዊሽ ቱ ስፒክ» ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ልክ ነው፣ ግን ኮስተር ያለ ነው። ለደብዳቤ ይሁን። ከጓደኛ ጋር «ዎንት» ይበቃል።

ጥያቄ፦ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶቼ ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ሲጎትቱ ያድራሉ። «ዊሽ» ከ«ውድ» ጋር የሚሄደው እዚህ ላይ ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ እዚሁ ላይ ነው! «ምነው ቢተዉን!» የምትይበት ቦታ «አይ ዊሽ ዘይ ውድ ስቶፕ» ነው። ሌላው ሰው ጠባዩን እንዲለውጥ ስትፈልጊ፣ ምሬትም ሲኖርበት። ለዝናብም ይሆናል፤ «አይ ዊሽ ኢት ውድ ስቶፕ ሬይኒንግ»። ስለ ራስሽ ስታወሪ ግን «ውድ»ን ተዪውና «ኩድ» በዪ፤ «አይ ዊሽ አይ ኩድ ስሊፕ»።

ጥያቄ፦ «አይ ዊሽ አይ ወር» ወይስ «ወዝ»?

መልስ፦ በንግግር ሁለቱም ይባላሉ። ፈተና ላይ «ወር» ጻፍ።