ከሳጥኑ መጀመሪያ የተያዘችው አይጥ

ባለፈው ወር መድኃኒት ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእንስሳት ላይ እንዴት እንደሚሞከር ጽፌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ፤ ግማሹ እርግማን ነው። ከቀረው የቻልኩትን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ብርሃን የጻፈ ወጣት፣ የሰፈር ውሻ ባቱን ከነከሰው አራት ቀን ሆኖታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ከበግ አንጎል እንደሚሠራና ሆድ ላይ አሥራ ምናምን ጊዜ እንደሚወጋ ስለነገሩት ቤቱ ቁጭ ብሏል። በጉም አሳዝኖታል።

ለእሱ በስልክ ነግሬዋለሁ፤ ለሌላው ልድገመው። ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዛሬውኑ። ጠበሉን ከመርፌው በኋላ ተጠመቁ፣ ማንም አይከለክላችሁም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለ በጉ የሰማው ውሸት አይደለም፤ አገራችን ፌርሚ የሚባለውን ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ለብዙ ዓመታት ስታመርት ኖራለች። እኔም በልጅነቴ ተወግቼዋለሁ። እናቴ ጠዋት ጠዋት እየጎተተች ስትወስደኝ፣ መጨረሻ አካባቢ እምብርቴ ዙሪያ ለመርፌ የሚሆን ቦታ ጠፍቶ ነበር። ዘመናዊው ክትባት ግን በላብራቶሪ በሚባዙ ሴሎች የሚሠራ ነው፤ ክንድ ላይ ይወጋል፣ ቁጥሩም አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው። ከሴሎቹ ዘሮች አንዱ፣ ቬሮ የሚባለው፣ በ1962 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ጦጣ ኩላሊት ተወስዶ እስከ ዛሬ እየተባዛ ያገለግላል። ስለዚህ ለበጉ ያዘነው ወንድሜ ሰበብ አልቆበታል።

ከሐዋሳ፦ “አይጥ ምን አጠፋች? ነፍሰ ገዳዮች ላይ ይሞከር።”

ተሞክሮ ነበር እኮ። የናዚ ሐኪሞች እስረኞች ላይ ሞክረው ጀርመን አገር ኑረምበርግ ከተማ ተፈረደባቸው። በ1947 ከፍርዱ ጋር የወጣው ደንብ በመጀመሪያው አንቀጽ የሰውየውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሦስተኛው ደግሞ ሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ አስቀድሞ በእንስሳት ላይ በተገኘ ውጤት ላይ እንዲመሠረት ያዛል። አንተ ያሰብከውን ነገር ለማስቀረት ነው አይጧ የገባችበት።

ከቨርጂኒያ የጻፉልኝ እናት፣ የ16 ዓመት ልጃቸው “ይሄ ጥንቸል ዓይን ውስጥ እየተጨመረ ነው የተሠራው” ብላ ሻምፖና ሊፕስቲካቸውን ለቅማ ጥላባቸዋለች። ሥጋም ትታለች። “ፈረንጅ ሆነችብኝ” ይላሉ።

እትዬ፣ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ሥጋና ቅቤ በማይገባበት ቤት ያደገች ልጅ ሥጋ ብትተው ምኑ ነው ፈረንጅነቱ? በሻምፖው ትረታዎታለች። በጥንቸል ዓይን መፈተን ከ1944 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ግን በ2013 በእንስሳት የተሞከረ አዲስ መዋቢያ ገበያው እንዳይገባ ዘጋ፤ የአውሮፓ ሴቶች ከንፈራቸውን መቀባት አላቆሙም። የምትዘል ጥንቸል ምልክት ያለበትን ይግዙላት፣ ሰላም ይወርዳል። መድኃኒት ላይ ስትመጣ ይከራከሯት። ለነገሩ ብቻዋን አይደለችም፤ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2018 አሜሪካውያንን ሲጠይቅ፣ እንስሳትን ለሳይንሳዊ ምርምር መጠቀምን 47 በመቶ ሲደግፉ 52 በመቶ ተቃውመዋል። ከወንዶቹ የሚበዛው ደጋፊ ነው፣ ከሴቶቹ የሚበዛው ተቃዋሚ። ባልዎን ጠይቀው ይጻፉልኝ።

ረጅሙን መልስ ለዚህች ልጅ አቆይቼዋለሁ። ማስተርሷን በፋርማኮሎጂ እየሠራች ነው፤ ለስኳር በሽታ የሚጠጣ ቅጠል ጨምቃ በነጫጭ አይጦች ላይ ትሞክራለች። “መድኃኒቱን በጉሮሮዋ በቱቦ ስሰጣት እጄ ይንቀጠቀጣል። መጨረሻ ላይ የገደልኳቸው ቀን እንቅልፍ የለኝም። ጓደኞቼ ‘ቤትሽ ብትገባ በወጥመድ ትገያት የለ?’ ብለው ይስቁብኛል። ልተወው?”

አትተዪው። ግን የሚንቀጠቀጥ እጅ ለአይጧ ከጨካኝ እጅ አይሻላትም፤ ቱቦው ስቶ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። የእንስሳት ክፍሉን የሚጠብቁትን ሰው አስተምሩኝ በያቸው፤ ከማንኛውም ዶክተር የተሻለ እጅ አላቸው። በጭራዋም አታንጠልጥያት። የሊቨርፑል ተመራማሪዎች በ2010 እንዳሳዩት፣ በጭራዋ የምትነሣ አይጥ ይበልጥ ትፈራለች፤ በእፍኝ የምትነሣዋ ትረጋጋለች። የጓደኞችሽን ሳቅ ተዪው። ወጥመድ ውስጥ ለገባችው አይጥ የገባንላት ቃል የለም፤ የአንቺዎቹ ግን ሞታቸው ለሰው እንዲጠቅም ብለን ፈርመናል።

እኔም ማስተርስ ስሠራ 30 አይጥ ተሰጥቶኝ ነበር፤ አምስት ምድብ፣ ለየምድቡ ስድስት። ሳጥኑን ከፍቼ መጀመሪያ የያዝኳቸውን ስድስቱን ውሃ ብቻ የሚጠጣው ምድብ አደረግኳቸው፤ መጨረሻ የያዝኳቸውን ከፍተኛውን የመድኃኒት መጠን (ዶዝ) የሚወስደው። ከሳጥን መጀመሪያ የምትያዘው የትኛዋ ናት? ሰነፏ፣ የከሳችው፣ ያመማት። ፈጣኖቹ ሰጋቱራ ውስጥ እየተሽሎከለኩ መጨረሻ ይቀራሉ። ውጤቱ አማረ፤ ዶዙ በጨመረ ቁጥር አይጦቹ ጠነከሩ። አማካሪዬ ሠንጠረዡን አገላብጠው “እንዴት ነው የመደብካቸው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ምንም አላሉም። ዕጣ ማውጣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት። 30 አይጥ ሞቶ አንድም ነገር አላወቅንም። ዛሬም አናጢ ቤት በር ሳልፍ ሰጋቱራው ሲሸተኝ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው።

ስለዚህ ሌሊት ላይ ካላስተኛሽ ይህን ቁጠሪ፦ ዕጣ አውጥቻለሁ? በስንት አይጥ ነው የምሠራው? ከ1927 ጀምሮ ግማሾቹን የሚገድለውን መጠን ለማወቅ አይጦች በአሥሮች ያልቁ ነበር። የፍተሻ መመሪያ የሚያወጣው የአገሮች ድርጅት፣ ኦኢሲዲ፣ የቆየውን መመሪያ በ2002 ሰርዞታል፤ በ425ኛው መመሪያ፣ በአንድ ኪሎ ክብደት 2,000 ሚሊግራም ጣሪያ ለሚደረግ ፍተሻ አምስት እንስሳ ይበቃል። ቅጠልሽን ሌላ ሰው ቀድሞ ሞክሮት እንደሆነስ ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ አይተሻል? ያንኑ ቅጠል፣ በዚያው ዶዝ የሞከረ ያልታተመ ቴሲስ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይሆናል። ቅጠሉ ባይሠራ እንኳ አሳትሚው፤ ካላሳተምሽው ቀጣዩዋ ተማሪ እንደ አዲስ ትገድላቸዋለች። እንቅልፍ ማጣቱ ከቆየ ሐኪም ማየት አይከፋም።

አንድ ሙስሊምና አንድ ኦርቶዶክስ፣ ተማክረው ይመስል፣ በአንድ ሳምንት “ኢንሱሊንና ሄፓሪን ከአሳማ ናቸው?” አሉኝ። ኢንሱሊን ድሮ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ከ1982 ወዲህ በባክቴሪያና በእርሾ የሚመረተው ቦታውን ይዟል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን በአብዛኛው አዎ፣ ከአሳማ አንጀት ነው። የቀረውን ሐኪማችሁን፣ የንስሐ አባታችሁን፣ ሼኩን ጠይቁ። መርፌውን ግን በራሳችሁ ሥልጣን አታቋርጡ።

ከቢሾፍቱ፦ “ስድስት ጥንቸል አሉኝ፤ ላብራቶሪዎች በስንት ይገዙኛል?”

አይገዙህም፤ ዘሩና ጤናው በመዝገብ የተያዘ ነው የሚፈልጉት። ካሮት ግዛላቸው።